አሥራ ሁለተኛዋ ደላንዥ

ሟቿን ጃኬት ያለበሷት አቶ ሙላው ነበሩ። የፖሊስን ሥራ ገና ከጅምሩ ያበላሸው ይህ ነው። ኋላ ላይ መነንን እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ጃኬት ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት ወር፣ ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዳውንታውን አትላንታ ካሉት ፓርኪንጎች ባንዱ የሚሠሩት የስድሳ ሦስት ዓመቱ አቶ ሙላው ገብረሕይወት በሩን ከፍተው መብራት እያበሩ ሲወጡ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አንዲት ግራጫ መኪና ቆማ አገኙ። ፓርኪንጉ ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው። መኪናዋ የማን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ጎን ያለው የክትባት ምርምር ተቋም ውስጥ የምትሠራው የዶክተሯ ናት። ዶክተሯም ቀበቶዋን አስራ፣ ራሷን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጋ የተኛች ትመስላለች። መስኮቱን አንኳኩ። ደግመው አንኳኩ። በሩ አልተቆለፈም ነበርና ከፍተው ትከሻዋን ሲነኳት በረዶ ሆናለች። የሥራ ጃኬታቸውን አውልቀው አለበሷት። አንገቷ ላይ የተጠመጠመውን የገዛ ሻርፗን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

የአትላንታ ፖሊስ የግድያ መርማሪ መነን ተክሌ ስትደርስ ሽማግሌው በሸሚዝ ብቻ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይንቀጠቀጡ ነበር።

"ጋሽ ሙላው፣ ለምን አለበሷት?" አለቻቸው።

"እኔ እንጃ ልጄ። በርዷት ነዋ።"

መነን አርባ አንድ ዓመቷ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ በሱዳን በኩል በስደት ከወላጆቿ ጋር መጥታ እዚሁ አደገች። ባልደረቦቿ "ተክሌ" እያሉ ይጠሯታል፤ እዚህ አገር ሁለተኛ ስም ማለት ከዘር ማንዘር የሚወረስ የቤተሰብ ስም ነውና። አባቷ ተክሌ ከሞቱ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል። በቀን ሃያ ጊዜ እሳቸው ይጠራሉ፣ አቤት የምትለው እሷ ናት። መጀመሪያ ያናድዳት ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች።

የሟቿ ቦርሳ ውስጥ የተገኘው መታወቂያ ክሌር ደላንዥ ይላል፤ ዕድሜ ሠላሳ። ስልኳ የለም። ገንዘቧ አልተነካም። አንድ የታጠፈ ወረቀት ግን ነበር፤ ከመጽሐፍ ላይ የተገለበጠ ገጽ ነው። ርዕሱ "ደላንዥ የሚል ስም ያላቸው ታዋቂ ሰዎች" ይላል። ከሥሩ አሥራ ሁለት ስሞች ተደርድረዋል፦ አንድ የኔዘርላንድ የባሕር ኃይል አዛዥ፣ አንድ የፈረንሳይ የአበባ ሠዓሊ፣ አንድ የቤልጅግ ብስክሌተኛ፣ አንድ ጳጳስ፣ አንድ ዕፀዋት አጥኚ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። አሥራ ሁለተኛዋ "ክሌር ደላንዥ፣ የክትባት ተመራማሪ፣ ኢትዮጵያ የተወለደች" ትላለች። ይህ የመጨረሻው መስመር በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ።

መነን ሬሳውን ቀና ብላ አየችው። መልኳ የአገሯ ልጅ መልክ ነው። ጉዲፈቻ መሆን አለባት አለች በልቧ።

አቶ ሙላው የሚያውቁት ጥቂት ነበር። እዚህ ከመጡ ሦስት ወራቸው ነው፤ ድሮ ኤርፖርት አካባቢ ባለው ሌላው ፓርኪንግ ነበር የሚሠሩት፣ እሱ ሲዘጋ ማናጀሩ ወደዚህ አዛወራቸው። ዶክተሯ ሁልጊዜ ሰላም ትላቸዋለች። ዓርብ ግን ደረታቸው ላይ ያለውን ባጅ ትክ ብላ አየችና ሙሉ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። ሰኞ ስንት ሰዓት እንደሚገቡም ጠየቀች። አሥራ ሁለት ሰዓት አሏት።

"ለምን ይመስልዎታል የጠየቀችዎ?"

"ሪፖርት ልታደርገኝ መስሎኝ ፈራሁ። ሰው ሙሉ ስምህን የሚጠይቅህ ለደግ ነው እንዴ?"

ምድር ቤት ካለችው ጠባብ ቢሮ ውስጥ የፓርኪንጉ ባለቤት አቶ ግሩም አንዷለም ይጠብቋት ነበር። አቶ ግሩም በከተማው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አባል፣ ለተጣላ ሽማግሌ፣ ለሞተበት አጽናኝ። መነንንም ከወጣትነቷ ጀምሮ በመልክ ያውቋታል። ሟቿን እንደሚያውቋት አልደበቁም። ድሮ አዲስ አበባ ለአንድ የጉዲፈቻ ድርጅት ይሠሩ ነበር፤ ያ ድርጅት ዋና ቢሮው እዚሁ አትላንታ ስለነበር ነው ወደዚህ የመጡት። ክሌርም በዚያው ድርጅት በኩል ከመጡት ልጆች አንዷ ናት። እናትም አባትም ያልነበራት ምስኪን ነበረች አሉ። የፓርኪንግ ፐርሚቷን በግማሽ ዋጋ የሰጧት ለዚህ ነው። ቅዳሜ ማታ ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ሊልበርን የወዳጅ ልጅ ሰርግ ላይ እንደነበሩ፣ መቶ ሰው ሊመሰክር እንደሚችል ሳይጠየቁ ተናገሩ።

ካሜራው ከሐሙስ ጀምሮ ተበላሽቷል።

መነን ልትወጣ ስትል አቶ ግሩም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ይህን መናገር አልወድም። ሙላው ያገሬ ልጅ ነው፤ በዲቪ ሲመጣ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ግን ሰሞኑን ያቺን ልጅ አይን አይኗን ሲያይ ተመልክቼዋለሁ። ቁልፍም አለው። ብቻ እኔ አልኩ እንዳትዪ።"

መነን አመስግና ወጣች። "የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ" ይሉ ነበር እናቷ፤ ያኔ ግን ተረቱ ትዝ አላላትም። ደግነታቸውን ነበር ያየችው፤ በዚህም ኋላ ላይ በራሷ አፍራለች።

የመጽሐፉ አዘጋጅ ሎረንስ ደላንዥ የሚኖሩት ሎረንስቪል በምትባል አቅራቢያ ከተማ ነው። የክሌር አሳዳጊ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። አሳዳጊ ወላጆቿ ካለፉ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ በሕግ ዘመዷ የሚባሉት እኚህ ብቻ ናቸው። የሰባ አምስት ዓመት ሰው፣ ቀጥ ያሉ፣ ጫማቸው የሚያብረቀርቅ። መሞቷን ስትነግራቸው ፊታቸው ላይ የታየው ሐዘን ሳይሆን ስሌት ነበር።

ስለ ስሙ ሲጠየቁ ግን ነፍስ ዘሩ። ስሙ በኔዘርላንድም በፈረንሳይም ያለ ነው። ሆላንዶቹና ፈረንሳዮቹ አንድ ዘር አይደሉም፣ ያው ስም በሁለት አገር የበቀለ ነው እንጂ። እሳቸው አርባ ዓመት ሙሉ ስሙን ተሸክመው የተከበሩትን እየለቀሙ መጽሐፍ አድርገዋል፤ የስሙ ባለቤቶች ማኅበር አላቸው፣ በየዓመቱ እራት ይበላሉ።

"ታዲያ እነዚህ አሥራ ሁለቱ በምን ይዛመዳሉ?" አለች መነን።

"በስሙ።"

"በደምስ?"

"በደም አንዳቸውም ካንዳቸው አይዛመዱም። ስሙ ነው ትልቁ ነገር።"

ክሌርን ለምን እንዳስገቧት ሲናገሩ አላፈሩም። ያለ እሷ ዝርዝሩ ያረጀ ይመስል ነበር፤ አንዲት ጥቁር ሳይንቲስት ስትጨመርበት አዲስ መሰለ። ለስሙ ጥሩ ነበረች አሉ። አንዴም ሰው አላሏትም።

በቀይ ስለተሰረዘው መስመር ሲጠየቁ ግን ፊታቸው ቀላ። የሰረዙት እሳቸው አይደሉም። ዓርብ ማታ ክሌር ራሷ የተሰረዘውን ገጽ ፎቶ አንስታ በኢሜይል ልካላቸዋለች። አሳዩዋት። መነን ቆማ አነበበችው፦

"በሚቀጥለው እትም ስሜን አውጡልኝ። በተወለድኩበት አገር ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው፤ ከዚያ አያልፍም፣ አይወረስም። የእኔ አባት ሞቷል ተብዬ ነበር ያደግኩት። አልሞተም። ሰኞ ጠዋት አነጋግረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስሜን እነግርዎታለሁ።"

"ተናደው ነበር?" አለች መነን።

"እንዴት አልናደድ? የሰጠናትን ስም እንደ ተበደረ ልብስ ልትመልስ!" የሬሳ መርማሪው የሞተችው በግምት ቅዳሜ ማታ ነው ብሎ ስለነበር፣ ያን ምሽት የት እንደነበሩ ሲጠየቁ የማኅበሩን እራት ፎቶ አወጡ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት አርባ እንግዶች ፊት እራቱን ሲመሩ ነበር። መነን አንድ በአንድ አጣራች፤ እውነት ነው። ጨካኝ ናቸው፣ ግን ገዳይ አይደሉም።

ወደ ከተማ ስትመለስ በመኪናዋ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት። ለሟቿ፣ አባቷ በሕይወት እንዳለ ማን ነገራት?

ማክሰኞ ጠዋት የአስከሬን ምርመራው መጣ። የሞተችው ቅዳሜ ከምሽቱ አንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሌላ ቦታ ታንቃ ነው መኪናዋ ውስጥ የተቀመጠችው። ከዚህ ሁሉ በታች፣ ለነገሩ የማይጠቅም የሚመስል አንድ መስመር ነበር፦ ከግራ ትከሻ እስከ ክንድ የወረደ፣ በልጅነት የደረሰ የቃጠሎ ጠባሳ።

የመነን አለቃ ሌተናንት ብራንት ይህን እንኳ አላነበቡም። የሽማግሌው አሻራ በሩ ላይ አለ፣ ጃኬታቸው ሬሳው ላይ አለ፣ ቁልፍ አላቸው፣ ባለቤቱም የሚያስጠረጥር ነገር ተናግረዋል። ቅዳሜ ማታ የት ነበሩ ሲባሉ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ብቻዬን ወንበር ስደረድር ነበር ይላሉ። ሌተናንቱ እስከ ረቡዕ ማታ ሌላ ነገር ካልመጣ ሽማግሌው ይታሰራሉ ብለው ቆረጡ። በግድያ ተከስሶ እሥር ቤት የገባ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ደግሞ፣ ኋላ ንጹሕ ነህ ቢባልም፣ በእግሩ አይወጣም። መነን ይህን በዓይኗ አይታለች።

በዚያው ከሰዓት ሊልበርን ወደሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

እትዬ አበዛሽ የጸሎት ስም ተቀባይ ናቸው። በሩ አጠገብ ትንሽ ጠረጴዛ አላቸው፤ ላይዋ ሁለት የብስኩት ቆርቆሮዎች ተቀምጠዋል። ምእመናን የሞተባቸውን ሰው ክርስትና ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ያስገባሉ፣ ካህኑ በቅዳሴ ያነሱታል። ባንደኛው ቆርቆሮ ሙት ዓመት የሚታሰብላቸው የቆዩት ይገባሉ። በሌላው ደግሞ አዲስ ሙታን ይገባሉ፤ እነሱ እስከ አርባ ቀን ድረስ በየቅዳሴው ይጠራሉ።

ሙላው ቅዳሜ ማታ ወንበር ሲደረድሩ ነበር ወይ ብትላቸው፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሲደርሱ አዳራሹ ተሰናድቶ ማግኘታቸውን ነገሯት። ከዚያ በፊት ግን እሳቸው አልነበሩም። ሁለት መቶ ወንበር አንድ ሽማግሌ ብቻውን ከደረደረ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል ብለውም የራሳቸውን ምርመራ ጨመሩበት። መነን ይህን ሌተናንት ብራንት እንደማይቀበሉት ታውቃለች።

"ምን ነበር ዝግጅቱ?" አለቻቸው።

"የሙላው ልጅ ሙት ዓመት ነዋ። ሀሌሉያ የምትባል ልጅ ነበረችው፣ በስድስት ዓመቷ ነው የሞተችበት። ይኸው በየዓመቱ ለነፍሷ ዝክር ያበላል። ዘንድሮ ሃያ አራተኛዋ ነው።" አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። "አንድ የገረመኝ ነገር ግን አለ። የልጅቷ ክርስትና ስም አጸደ ማርያም ነው። እሑድ ለት አጸደ ማርያም ሁለት ጊዜ ተነበበች። አንዴ ከሙት ዓመቶቹ፣ አንዴ ከአዲሶቹ። ቄሱም ደግማችሁ ነው ወይ የጻፋችሁት ብለው ጠየቁኝ።"

"ሁለተኛውን ማን ነው ያስገባው?"

"አቶ ግሩም ናቸዋ። እሑድ ገና ሳይነጋጋ መጡ። ማን ሞተብዎ ብላቸው፣ አገር ቤት ያለች ዘመድ ናት አሉኝ።"

መነን ወረቀቱን ጠየቀች። ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ ነበር፤ "አጸደ ማርያም፣ ለአርባ ቀን" ይላል። ክርስትና ስም ብዙ ሰው ሊጋራው ይችላል፣ ይህን ታውቃለች። ቢሆንም ወረቀቱን አስፈቅዳ ይዛው ወጣች።

አቶ ሙላውን ያገኘቻቸው ቤታቸው ነው፤ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በኪራይ የሚኖሩባት ቤት። ስለ ልጃቸው ጠየቀቻቸው። ሰው ጠይቋቸው የማያውቅ ይመስል ረጅም ነገሩ።

ሚስታቸው ስትሞት ልጅቷን ማሳደግ አቃታቸው። ግሩም የዚያው ቀበሌ ልጅ ነበር፣ ከተማ ገብቶ ፈረንጆች ጋር ይሠራል። አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አለ፣ ያስተምሯታል፣ በየክረምቱ ትመጣለች አላቸው። የእንግሊዝኛ ወረቀት አቀረበላቸው፣ አሻራቸውን አደረጉ። የክርስትና ካርዷንም ሰጡት። በሰባተኛው ወር ግሩም ተመልሶ መጣ። ቀሚሷን በፌስታል ይዞ ነበር። ማጅራት ገትር ገደላት፣ ድርጅቱ ቀበራት አላቸው። በሬያቸውን ሽጠው ተዝካር አወጡ።

"ምልክት ነበራት?" አለች መነን።

"በሦስት ዓመቷ የፈላ ማሰሮ ተደፍቶባት ነበር። እዚህ ጋ።" በቀኝ እጃቸው የግራ ትከሻቸውን ይዘው እስከ ክንዳቸው ወረዱ። "ለምን ጠየቅሽኝ ልጄ?"

መነን ሥራዋን ጠላችው። መኪናዋን ስለነኩ ከሌሎች አሻራዎች ለመለየት ምራቅዎ ያስፈልጋል አለቻቸው። ውሸት ነበር። ሽማግሌው እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፈቱላት፣ በጥጥ እንጨቷ ጉንጫቸውን ጠረገች።

"ዓርብ ስሜን ስነግራት ልጅ አለህ ወይ አለችኝ" አሉ፣ ገና አሁን ትዝ ብሏቸው። "ነበረችኝ፣ ሞታለች ስላት አለቀሰች። በሐዘኔ ሰው አስለቀስኩ ብዬ ከፋኝ። ሪፖርትም ታደርገኛለች ብዬ ፈርቼ ስለነበር ቅዳሜ ጠዋት ለግሩም ደወልኩለት። ያቺ ዶክተር ሙሉ ስሜን ጠየቀችኝ፣ አንድ ነገር ብትል አደራህን አልኩት። አይዞህ፣ እኔ አነጋግራታለሁ አለኝ።"

መነን የጥጥ እንጨቷን ብልቃጥ ውስጥ ከተተች። ክዳኑን ገጥማ ስማቸውን ጻፈችበት።

የምራቁ ውጤት ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። አባትና ልጅ ናቸው።

የቀረው የሰርጉ ነገር ነበር። መቶ ሰው አቶ ግሩምን አይቻቸዋለሁ ይላል፤ ግን በሰርግ ላይ ሰው የተከበረ እንግዳን አየሁ የሚለው መኖር ስላለበት ነው፣ ስላየው አይደለም። መነን የሰርጉን ቪዲዮ ከሙሽራው ወንድም ተቀብላ ተቀመጠች። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌዎች ሙሽሮቹን እንዲመርቁ ተጠሩ። ማይክ የያዘው ሰው "አቶ ግሩም አንዷለም" አለ። አዳራሹ ዞር ዞር አለ። "አቶ ግሩም!" አለ ደግሞ። ሦስተኛም ጠራ። ሌላ ሽማግሌ ተነሥተው መረቁ። አቶ ግሩም ቪዲዮው ላይ ብቅ ያሉት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ኬክ እየበሉ፣ ከሙሽራው አባት ጋር እየሳቁ።

ረቡዕ ከሰዓት በምርመራ ክፍሉ ተገናኙ። ስለ ሰርጉ ስትጠይቃቸው ለሽንት ወጥቼ ነበር አሉ። ስልካቸው ለክሌር ቅዳሜ መደወሉን ስታሳያቸው ስለ ፐርሚት ነው አሉ። ከዚያ ብጣሽ ወረቀቷን ፊታቸው አስቀመጠች።

"ይቺ ማናት?"

"የሙላው ልጅ ናት። ነፍሷን ይማር ብዬ ነው፤ ያገሬ ልጅ ስለሆነ።"

"ከሃያ አራት ዓመት በፊት ለሞተች ልጅ የአርባ ቀን ጸሎት ያዘዝከው ለምንድን ነው?"

አንቱታው ከአፏ ሳታስበው ወደቀ። ለመመለስም አልፈለገችም።

ግሩም ወረቀቷን አየ። ፊቱ ላይ ደንገጥ ያለ ነገር አልታየም፤ ይልቅ የሰለቸው መሰለ። "ክርስቲያን ነኝ" አለ። "የማውቃት ነፍስ ያለ ጸሎት እንድትሄድ እንዴት አደርጋለሁ?"

"ጸሎቱን ያዘዝከው እሑድ ጎህ ሳይቀድ ነው። ሬሳዋ የተገኘው ሰኞ ነው።"

ግሩም ወረቀቷን ወደ መነን መልሶ ገፋት። ከዚያ ትምህርት እንደሚያስረዳ አስተማሪ ተናገረ። ልጅቷ ሰነድ ይዛ መጣች። ድርጅቱ ሲዘጋ ፋይሎቹን ለልጆቹ አድሏል፤ እሷም ያሻራውን ወረቀት ከነስሙ አገኘች፤ ዓርብ ያንኑ ስም ሙላው ባጅ ላይ አነበበች። ቅዳሜ በስልክ ስለ አባትሽ እነግርሻለሁ ብሎ ፓርኪንጉ ምድር ቤት ወዳለችው ቢሮው ጠራት። እንድትተወው ለመናት። እምቢ አለች። ሰኞ ጠዋት አባቷን አግኝታ ቀጥላ ጋዜጣ እንደምትጠራ፣ የሌሎቹንም ልጆች ፋይል እንደምትፈልግ ነገረችው። በገዛ ሻርፗ ያነቃት ያኔ ነው። ሌሎቹ ስንት ናቸው ብላ መነን ጠየቀችው። አርባ ምናምን አለ፣ እንደ ቀላል ነገር።

"ሙላውን እሷ ጋ ስታመጣው አልፈራህም?"

"ማናጀሩ ነው ያዛወረው። ኋላ ሳውቅ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ማን ማንን ይለያል ብዬ ተውኩት። ስሟም ሌላ፣ ቋንቋዋም ሌላ።" ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። "አንድ ነገር ልንገርሽ እህቴ። በሙላው እጅ ብትቀር ዛሬ ምን ትሆን ነበር? ዶክተር ያደረግኳት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ያመሰገነኝ የለም።"

መነን ተነሥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ሌተናንት ብራንት "ጥሩ ሥራ፣ ተክሌ" አሉ ሲያልፉ። አባቷ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር ብላ አሰበች።

ለአቶ ሙላው የነገረቻቸው ያን ዕለት ማምሻውን ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚነገርበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ ቀጥ አድርጋ ነገረቻቸው። ልጅዎ በስድስት ዓመቷ አልሞተችም። ቅዳሜ ነው የሞተችው። ዶክተሯ እሷ ነበረች።

አላለቀሱም።

"ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልትነግረኝ ነበር?"

"አዎ።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አገኘኋታ።" ከዚያ ቀና አሉ። "ግሩም በምን አወቀ?"

መነን አሥራ አምስት ዓመት መርማሪ ሆና ሠርታለች፤ በሥራዋ ምክንያት ስንቱን ዋሽታለች። ለዚህ ግን ውሸት አልመጣላትም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልካቸውን አየች። ሽማግሌውም አዩትና የቅዳሜውን ጥሪ አስታወሱ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ልጄን አደራህን ብዬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ።"

ቀብሩ የተፈጸመው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። በሕግ ዘመዷ ሎረንስ ደላንዥ ናቸው፤ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ለወለደው አባት ባዕድ ነው። መነን ለምና ነበር፤ አልሆነም። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ክሌር ደላንዥ ተብሎ ተጻፈ። ሽማግሌው ጃኬታቸውን ለብሰው፣ ፖሊስ የመለሰላቸውን ያንኑ ጃኬት፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሙ። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ሎረንስ መነንን ለብቻዋ ጠርተው ለአዲሱ እትም የሞተችበትን ትክክለኛ ቀን እንድታረጋግጥላቸው ጠየቁ። በዝርዝሩ ላይ መልሰዋታል።

"አውጡልኝ ብላ ነበር እኮ" አለች መነን።

"ያኔ በሕይወት ነበረች" አሉ ሎረንስ።

አሥራ አንዱ በምንም የማይዛመዱ፣ በስም ብቻ የተሳሰሩ ሰዎች ናቸው። ይህ አባትና ይህች ልጅ ደግሞ ሁሉም ነገራቸው አንድ ሆኖ ስም ብቻ ለያያቸው። መነን ይህን ለሎረንስ ልትነግራቸው ፈለገችና ተወችው። የሚገባቸው ሰው አይደሉም።

እሑድ አቶ ሙላውን በመኪናዋ ቤተ ክርስቲያን አደረሰቻቸው። እትዬ አበዛሽ ነገሩን ሰምተው ነበርና ከመቀመጫቸው ተነሥተው የሽማግሌውን እጅ ያዙ። ሽማግሌው ብጣሽ ወረቀት ወሰዱ። በማያምር እጅ አጸደ ማርያም ብለው ጻፉ። ከዚያ ሁለቱ ቆርቆሮዎች ፊት ቆሙ።

ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ነበር። ማንም አልተቻኮለም።

"ልጄ" አሉ ወደ መነን ዞረው፣ ወረቀቷን በሁለት ጣታቸው እንደያዙ። "ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በሕይወት እያለች በሙት ስም አስጠራኋት። አሁን የትኛው ውስጥ ነው የምከታት?"

እትዬ አበዛሽ የአዲሶቹን ቆርቆሮ በቀስታ ወደ ሽማግሌው ገፋ አደረጉት። እሳቸውም ወረቀቷን አራት ላይ አጥፈው ከተቱና፣ የጃኬታቸውን ቁልፍ እየቆለፉ ወደ ውስጥ ገቡ።